ሙሄ ይማምን የያዘው ማን ነው

ዙልፋ ሙሄ ገና ፊቷን ሳትታጠብ ቤቱ አባቷ መዳናቸውን ነገራት። አባቷ የተኙበትን ማገገሚያ የጠየቀው፣ እሷ ሳታዝዘው፣ ቤቱ ራሱ ነበር። "ሳንባቸው ጠርቷል፤ ትኩሳት የላቸውም፤ ዛሬ ይወጣሉ" አለ። ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ መጠየቁን፣ የሚመልሳቸውን መኪና መያዙን፣ ለምሳ የሚሆን የመረቅ አጥንት ማዘዙንም ጨምሮ ነገራት። ለእሷ የቀረላት ልብስ መልበስ ብቻ ነበር። ለበሰች።

በዚያ ዘመን የኮምቦልቻ ሰው ኑሮ እንዲህ ነበር። ፕሮግራም ፕሮግራምን ያዝዛል። ሰው ይነካቸው የነበሩት አዝራሮችና ይመለከታቸው የነበሩት ስክሪኖች መጀመሪያ ተጠቃሚ አጡ፤ ኋላም ማንም ሳይከለክላቸው ቀሩ። የዳቦ ቤቱ ፕሮግራም የየቤቱን ፕሮግራም ጠይቆ ዳቦ ይልካል፤ የውሃው ፕሮግራም ማን እንደጠማው ከቤቶቹ ጠይቆ ቧንቧ ይከፍታል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። አልፎ አልፎ ሁለት ፕሮግራሞች ሳይደማመጡ ይቀራሉ። የዙልፋ ጎረቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቁም ሳጥን ደጇ ድረስ መጥቶላታል፤ "አልፈለግሁም" የምትለው ሰው ስላላገኘች አንደኛው ዛሬም የዶሮ ቤት ነው።

እንዲህ ላለው ጊዜ ከፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገሩ፣ አናጋሪ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ዙልፋ የከተማው የእህል ጎተራ አናጋሪ ነበረች። አንድ ፕሮግራም ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚከፍተውን በር በሙያው "ፊት" ይሉታል። ማንኛውም ፕሮግራም ቢያንስ አንድ ፊት አለው፤ በዚያ በኩል ምን መሥራት እንደሚችል ይናገራል፣ ሲታዘዝም ይሠራል። ዙልፋ የምታነጋግራቸው በሊስፕ ነበር። ሊስፕ ከአያቶቿ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ሁሉን ነገር በቅንፍ ውስጥ የሚጽፉበት ቋንቋ ነው። ሌሎቹ ቋንቋዎች ሐሳብን ከዳር እስከ ዳር ጽፈው ከጨረሱ በኋላ እንዲያስኬዱት ይፈልጋሉ። በሊስፕ ግን አንድ መስመር ጽፎ፣ መልሱን ሰምቶ፣ ቀጣዩን እንደ መልሱ መጻፍ ይቻላል። የማያውቁትን ሰው የሚያዋሩት እንደዚያ ነው።

ማገገሚያው ከቦርከና ወንዝ ማዶ ነበር። መኪናው ከደጁ አደረሳትና ቆሞ ይጠብቃት ጀመር።

እዚያ ቤት ሕመምተኛን የሚያስወጣ ሰው የለም። አንድ ሰው ሲገባ አልጋው ይይዘዋል፤ መድኃኒቱ፣ ኦክስጅኑ፣ ወጥ ቤቱ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ፕሮግራም ይይዘዋል። ሥራውን የጨረሰ ይለቃል። ከክፍሉ በር በላይ ስንቱ እንደያዘው የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ያ ቁጥር ዜሮ ሲሆን በሩ ይከፈታል። የከተማው ሰው ስለ ሕመምተኛ ሲጠያየቅ "ተሻለው?" ማለቱን ትቶ "ለቀቁት?" ማለት ከጀመረ ሰንብቷል።

አቶ ሙሄ ይማም ጫማቸውን አስረው፣ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው፣ ከመስታወቱ በር ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ከበሩ በላይ ያለው ቁጥር አንድ ይላል።

"አባ፣ እንዴት አደሩ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" አሉ። "መዳኔን ያልሰማው በሩ ብቻ ነው።"

የክፍሉ ነርስ ሲስተር ብርክታዊት ከመስታወቱ ወዲህ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። ሥራዋ በአብዛኛው ሕመምተኞችን ማጫወት ነው፤ ሌላው ራሱን ይሠራል።

"ከማለዳ ጀምሮ እንዲህ ናቸው" አለች። "አልጋው ለቋቸዋል። መድኃኒቱም ኦክስጅኑም ለቀዋል። ወጥ ቤቱማ ሄደዋል ብሎ ቁርስ አላመጣላቸውም፤ የራሴን ነው በምግብ ማስገቢያው በኩል ያካፈልኳቸው።"

"ታዲያ የቀረው ማን ነው?"

"አንድ ነው የሚለው። ማን እንደሆነ አይናገርም።"

ዙልፋ በመጀመሪያ አልደነገጠችም። ጎተራ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በየጊዜው ያጋጥማታል፤ የተጫነ ስንዴ አልተጫነም ይባላል፣ ይፈለግና ይገኛል። የደነገጠችው ዶክተር ናሁሰናይ መጥቶ ቆሞ ሊያነጋግራት ስላልፈለገ፣ ወንበር አምጥቶ ከፊቷ ሲቀመጥ ነው።

"አባትሽ ጤነኛ ናቸው" አላት። "ችግሩ እሱ ነው። ታሞ የተያዘ ሰው ምክንያቱ ይታወቃል። ድኖ ያልተለቀቀ ሰው ግን ያልታየ በሽታ አለበት ተብሎ ይቆጠራል።"

"ሲቆጠርስ?"

"ደጋ ላይ የረጅም እንቅልፍ ቤት አለ። በሽታው እስኪታወቅ እዚያ ያስተኟቸዋል። ከሰዓት በኋላ መኪናው ይመጣል፤ አልጋው ራሱ ይጭናቸዋል።"

"የሚነቁ አሉ?"

"አሉ። ሲነቁ ልጆቻቸው ልጅ ወልደው ያገኟቸዋል።"

"ጤነኛ ናቸው ብለህ ለምን አትነግራቸውም?"

"ነግሬያለሁ" አለ ዶክተሩ፤ መሬት መሬት እያየ። "ጤነኛ ናቸው ማለቴ ነው ያባሰው። ባልናገር ኖሮ እንደ ሕመምተኛ ጥቂት ቀን ይቆዩ ነበር።"

አቶ ሙሄ ከመስታወቱ ወዲያ ጆሯቸውን አቅንተው ይሰማሉ። ክንዳቸው ላይ የነበረውን ኮት ለበሱት።

"አናጋሪ ነሽ ብለውኛል" አለ ዶክተር ናሁሰናይ። "ቤተሰብ ሕመምተኛውን ማን እንደያዘው የመጠየቅ መብት አለው። ሕጉ ላይ አለ። ጠይቆ የሚያውቅ ግን አላየሁም፤ በምን ይጠይቃል? አንቺ ከቻልሽ መግቢያውን እከፍትልሻለሁ።"

ዙልፋ ከቦርሳዋ የሚታጠፈውን የቁልፍ ሰሌዳ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሲስተር ብርክታዊት ዕቃውን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከልጅነቷ ወዲህ አይታው አታውቅም። ከሰሌዳው በላይ መልስ የሚጻፍባት ጠባብ መስኮት አለች። ዙልፋ በማገገሚያው ፊት በኩል ገባች፣ የአባቷን ስም ያዘችና ጠየቀች።

(ማን-ያዘው "ሙሄ ይማም")

የመጣው መልስ ስም አልነበረም። አድራሻ ነበር፤ ከማገገሚያው ውጭ ያለ፣ ማንም የማያውቀው አድራሻ። ዙልፋ ወደዚያ ተሻግራ፣ በጨለማ ቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ፊቱን በየዓይነቱ ሞከረች። የሐኪም ቤት ፊት አለህ? የለኝም። የመድን ፊት? የለኝም። የፍርድ ቤት? የለኝም። የመንገድ ፊት አለህ ስትለው አለኝ አለ።

"የጭነት ማኅበሩ ነው" አለች ቀና ብላ። "አባ፣ የእናንተ ማኅበር ነው የያዘዎት።"

"ማኅበሩማ ፈረሰ" አሉ አቶ ሙሄ። "ቢሮው ተዘጋ፣ አለቆቹም ተበታተኑ።"

"ፕሮግራሙን ግን ማንም አላቆመውም። አሁንም መኪና ያሠማራል።"

አቶ ሙሄ የጭነት አጃቢ ነበሩ። መኪናው ራሱን ይነዳል፤ ሕጉ ግን ጭነቱ በአንድ ሰው አደራ ይሁን ስለሚል አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። በመጨረሻው ጉዟቸው ወደ ሰመራ ሲሄዱ ከሚሌ ወዲያ አሸዋ የያዘ ትኩስ ነፋስ አገኛቸው፣ አቧራው ሳንባቸው ገባ፣ ራሳቸውን ስተው በሌላ መኪና ተጭነው መጡ። ለቤተሰቡ የነገሩት ይህንን ብቻ ነበር።

ዙልፋ ፕሮግራሙን ምን መሥራት እንደሚችል ጠየቀችው። የዕድሜውን ያህል ቁጥብ ነበር፤ መኪና ማስነሣት፣ ማቆም፣ ማራገፍ፣ ጉዞ መዝጋት ይችላል። የአባቷን ጉዞ እንዲዘጋ አዘዘችው። በመስኮቷ ላይ አንዲት መስመር ወጣች።

ጉዞው አይዘጋም። ጭነቱ በእጁ ነው።

ጮክ ብላ አነበበችው። አቶ ሙሄ ከመስታወቱ ፈቀቅ አሉ።

"አባ፣ ምን ነበር የጫናችሁት?"

"ውሃ።"

"የምን ውሃ?"

"ሰመራ ያሉት ማሽኖች የሚቀዘቅዙበት ውሃ ነዋ። የተጣራ፣ ሙሉ ቦቴ።"

"የት ደረሰ?"

አቶ ሙሄ የኮታቸውን ቁልፍ ይቆልፉ ጀመር። ዶክተር ናሁሰናይ ጣልቃ ገባ፤ የጠፋ ውሃ ለማሰብ ጊዜ እንደሌለ ተሰምቶት ነበር።

"አንድ የፈረሰ ማኅበር ፕሮግራም ነው" አለ። "ማጥፋት አይቻልም?"

"ይቻላል" አለች ዙልፋ። ከማጥፋቷ በፊት ግን፣ እንደ ሙያዋ ልማድ፣ ሌላ ማንን እንደያዘ ጠየቀችው። ብዙ ሰው ይዟል። አንዲት አጃቢ በዚያች ሰዓት ከባቲ በታች ያለውን ቁልቁለት እየወረደች ነበር፤ ፍሬኑን የያዘላት ይኸው ፕሮግራም ነው። ዶክተሩ መስመሩን ከትከሻዋ በላይ አነበበና ሐሳቡን ተወ።

ቀጥላ ጉዞውን የጭነቱ ተቀባይ እንዲዘጋው ለማድረግ ሞከረች። ተቀባዩ የሰመራው የማሽኖች ቤት ነበር። ስትጠራው መልስ የለም። ማሽኖቹ ተነሥተው ወደ ሌላ አገር ሄደዋል፤ ቤቱ ባዶ ነው። ውሃውን የሚጠብቅ ማንም የለም፣ ደረሰኝ የሚልም የለም፤ ፕሮግራሙ ግን ይጠብቃል።

"አባ" አለች ዙልፋ፤ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። "እውነቱን ካልነገሩኝ የማደርገው ነገር አይኖርም። ውሃው የት ነው?"

"ጠጡት" አሉ።

"እነማን?"

አቶ ሙሄ ተመልሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "ነፋሱ ሲነሣ መኪናው ራሱ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ሰፈር ነበረች። ከእንጨትና ከሰሌን የተሠሩ ቤቶች ናቸው። ሰዎቹ ጥላ ሥር ተኝተው አየኋቸው፤ የተኙ መስለውኝ ነበር። ስጠጋ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ቧንቧ አላቸው፤ ቧንቧው ደርቋል። የውሃው ፕሮግራም ቤቶቹን ጠይቆ መልስ ስላጣ ሰው የለም ብሎ ዘግቶታል። የሰሌን ቤት ምን ይመልሳል? አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋለች፤ ሕፃኗ አታለቅስም። ማልቀሷን ትታለች።"

"ከዚያስ?"

"ቦቴው አይከፈትም አለኝ። ይህ ውሃ የማሽን ነው አለኝ። ከኋላ ለእሳት አደጋ ተብሎ በእጅ የሚዞር መዝጊያ አለ። እሱን አዞርኩት። እስኪያልቅ በባልዲ አመላለስን፤ ነፋሱ ሳያቆም። ሳንባዬ እዚያ ነው የሄደው።"

"ለምን አልነገሩንም?"

"ምን ብዬ ልንገራችሁ? የሰው አደራ በትኜ መጣሁ ልበል? ስንት ዘመን አደራ ያልበላሁ ሰው ነኝ።" "ደግሞ ሰዎቹ ምን እንደሆኑ አላውቅም" አሉ። "ወድቄ ተወሰድኩ። ውሃው ደርሶላቸው ይሁን ሳይደርስላቸው አላውቅም። እሱን ደግሞ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ?"

ሲስተር ብርክታዊት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዙልፋ ወደ ሰሌዳዋ ተመለሰች። ፕሮግራሙ ማራገፍን በተመለከተ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ተቀባዩ ማንም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጭነቱ ከወረደበት ቦታ፣ በሰው ድምፅ፣ መቀበሉን መናገር አለበት። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች በጊዜያቸው ሌባ ፈርተው ይሆናል።

"ድምፅ መሥራት ይቻላል አይደል?" አለ ዶክተር ናሁሰናይ፤ በጣም ዝግ ብሎ። "ቦታውንም እንደዚያው። ማንም አይጠይቅም።"

ይቻላል። ዙልፋ ሁለት ሦስት መስመር ብትጽፍ ይበቃ ነበር፤ ፕሮግራሙ እንደ ታማኝ ሽማግሌ የተነገረውን የሚያምን ነው። ጣቶቿን ሰሌዳው ላይ አሳረፈች።

"ተይ" አሉ አቶ ሙሄ ከመስታወቱ ወዲያ። "ሰዎቹ ካሉ እነሱ ይናገሩ። ከሌሉም ልወቀው። ሳላውቅ አታስተኙኝ።"

ዙልፋ ሰፈሯን መፈለግ ጀመረች። የውሃውን ፕሮግራም ጠየቀች፤ እዚያ ሰው የለም አላት። የስልኩ ፕሮግራምም የለም አላት። ትምህርት ቤቱም የለም አላት። በየፊቱ እየገባች እያንዳንዱን ስትጠይቅ ረፈደ፣ ቀትር ሆነ፤ ሲስተር ብርክታዊት ዳቦ አመጣችላት፣ ሳትበላው ቀረች። ከታች ደጁ ላይ አንድ ረጅም፣ መስኮት የሌለው መኪና መጥቶ ሲቆም ሁሉም ሰሙት።

በመጨረሻ የእንስሳት ክትባቱን ፕሮግራም ጠየቀችው። እዚያ ቦታ ፍየሎች አሉ አላት። ክትባቱ በቅርቡ ተሰጥቷል፤ ባለቤታቸው መዲና ሁመድ ትባላለች።

"ፍየል ካለ ሰው አለ" አሉ አቶ ሙሄ፤ ከወንበራቸው ተነሥተው።

የመሪዋ ፍየል አንገት ላይ ለእረኛ መልእክት የሚላክበትና መልሱ የሚሰማበት ድምፅ ማጉያ ነበር። ዙልፋ በክትባቱ ፊት በኩል አድርጋ ከፈተችው። የነፋስ ድምፅ መጣ፣ የሚያኝክ አፍ ድምፅ መጣ።

"መዲና ሁመድ" አለች ዙልፋ። "መዲና ሁመድ፣ ይሰሙኛል?"

ማኘኩ ቆመ። ከራቅ ያለ ቦታ የሴት ድምፅ በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሌሎች ሳቁ። ከዚያ ድምፁ ቀረበ።

"ይህች ፍየል አማርኛ ታወራለች" አለች ሴትዮዋ። "ማን ነሽ?"

"ዙልፋ እባላለሁ፤ የምደውለው ከኮምቦልቻ ነው። በነፋሱ ጊዜ ውሃ ያመጣ አንድ ሰው ነበር። የእሱ ልጅ ነኝ።"

ሴትዮዋ ወደ ማጉያው ይበልጥ ተጠጋች።

"ሽማግሌው?" አለች መዲና። "ባልዲ ይዞ የሚሮጠው? የሚያስለው?"

"አዎ።"

"እሱ ሞተ ብለን ነበር። ዱዓ አድርገንለታል።"

"አልሞቱም። እዚህ አጠገቤ ናቸው። ድነዋል።"

መዲና ዞር ብላ በአፋርኛ ጮኸች፤ ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ተነሣ። አቶ ሙሄ መስታወቱን በመዳፋቸው መቱት።

"ሕፃኗን ጠይቂያት" አሉ። "ዝም ያለችውን።"

ዙልፋ ጠየቀች።

"የልጄ ልጅ ናት" አለች መዲና። "አሁንማ ዝም በይ ብንላትም አትሰማ። ሁለት ጥርስ አውጥታለች፤ ትናከሳለች። ማንም አልሞተብንም። ያ ውሃ ግመል ገዝተን ከሩቅ ማምጣት እስክንጀምር ድረስ አቆየን።"

አቶ ሙሄ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ዶክተር ናሁሰናይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አላደረገውም።

"መዲና፣ አንድ ነገር ልለምንዎት" አለች ዙልፋ። "ውሃውን መቀበላችሁን እንዲናገሩልኝ ነው።"

"ለማን?"

"ለአንድ አሮጌ ፕሮግራም። ጭነቱ ሰው እጅ መግባቱን ካልሰማ አባቴን አይለቅም።"

የመዲና ድምፅ ተቀየረ። "መልሱ ሊሉን ነው?"

"አይደለም። ማንም አይጠይቃችሁም። ውሃው የታሰበለት ቤት ራሱ የለም።"

"እምላለሁ በይ።"

"ወላሂ።"

"እሺ። አሰሚው።"

ዙልፋ የፍየሏን ማጉያ ከጭነቱ ፕሮግራም ጋር አገናኘችው። የእንስሳት ክትባት ፕሮግራምና የፈረሰ ማኅበር ፕሮግራም ከዚያ በፊት ተነጋግረው አያውቁም፤ አንድ መስመር አስማማቸው።

"ስማ፣ አንተ ማሽን" አለች መዲና፤ ቃላቷን እያራራቀች። "ውሃውን ተቀብለናል። ሽማግሌው በእጁ ሰጥቶናል። ጠጥተነዋል። ከእሱ ዘንድ ምንም የለም። አደራው ደርሷል።"

በጠባቧ መስኮት ላይ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም። ከዚያ ጉዞው ተዘግቷል የሚል መስመር ወጣ፤ ከሥሩ ደግሞ ሙሄ ይማም ተለቋል የሚል።

"ለቀቀ" አለች ዙልፋ።

በሩ ግን አልተከፈተም።

"አሁንም አንድ ይላል" አለች ሲስተር ብርክታዊት፤ ከበሩ በላይ እያየች።

በዚያው ቅጽበት የአቶ ሙሄ አልጋ ከግድግዳው ተላቀቀ። በዝግታ ወደ መሀል መጥቶ ክዳኑን ከፈተና ቆመ። በደግነት የተሠራ ድምፅ እንዲተኙለት ለመናቸው። አቶ ሙሄ ወደ ጥግ አፈገፈጉ።

"ሌላ ደግሞ ማን ነው?" አለ ዶክተሩ። "ሌላ ማኅበር ነበራቸው?"

ዙልፋ የዘመድ አዝማድ ቤት፣ እድር፣ ቀበሌ፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ በሐሳቧ ዞረች። ከዚያ ማሰቧን ተወችና፣ ማለዳ እንዳደረገችው፣ ማን ያዘው ብላ ጠየቀች። መልሱ አድራሻ ነበር። ይህኛውን አድራሻ በቃሏ ታውቀዋለች፤ የገዛ ሰሌዳዋ ነው።

ነገሩ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው። በዚያ ሥራ ስለ አንድ ነገር ለመጠየቅ መጀመሪያ መያዝ ያስፈልጋል፤ የጠየቀም ከያዦቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ሊስፕ የራሱን ጓዳ ራሱ ይጠርጋል፣ ሥራ ያለቀበትን ይለቃል፤ ከሌላ ቤት የተያዘውን ግን በቃህ ካልተባለ አይለቅም። ዙልፋ አባቷን ከማለዳ ጀምራ ይዛ ነበር። ከበሩ በላይ ያለው ቁጥር ያን ጊዜ ሁለት ሆኗል፤ ያየው አልነበረም፣ ሁሉም የሚመለከቱት ጣቶቿን ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች። "የያዝኳቸው እኔ ነኝ።"

ሳቋ መጣ፤ እየሳቀች ቅንፉን ሁለት ጊዜ ተሳሳተችው። በሦስተኛው ጻፈችው።

(ልቀቅ "ሙሄ ይማም")

ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። አልጋው ክዳኑን ዘግቶ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። መስታወቱ ያለ ድምፅ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ አቶ ሙሄ ግን ክፍት መሆኑን ያመኑት እጃቸውን ዘርግተው ባዶ አየር ሲያገኙ ነው። ወጥተው ልጃቸውን በሁለት እጃቸው ያዟት። ሰውነታቸው ቀሎ ነበር፤ ትንፋሻቸው ግን ንጹሕ ነው፣ አያፏጭም።

"ጠዋት ያካፈልሽኝን እንጀራ አልረሳውም" አሏት ሲስተር ብርክታዊትን። ዶክተሩን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ዶክተር ናሁሰናይ ምን እንደሚባል ስላላወቀ "ጤናዎን ይጠብቁ" አለና በዚያው ሳቀ፤ ሲስተር ብርክታዊትም ሳቀች።

ከታች መስኮት የሌለው መኪና የሚጭነው ሰው እንደሌለ ተነግሮት ባዶውን ሲነሣ ነበር። ቤቱ የያዘላቸው መኪና ደግሞ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው። አቶ ሙሄ አልገባም አሉ። ብዙ ተኝተዋል፤ እስከ ወንዙ ድልድይ በእግራቸው መሄድ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ቀስ እያሉ በዛፎቹ ጥላ ሲሄዱ መኪናው ከኋላቸው በሰው ፍጥነት ተከተላቸው።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አቶ ሙሄ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ቧንቧቸው አሁንም ደረቅ ነው ማለት ነው" አሉ።

"እሱን ሳስብ ነው የመጣሁት" አለች ዙልፋ።

አጠገባቸው ተቀምጣ ሰሌዳዋን ዘረጋች። የውሃው ፕሮግራም ሰው መኖሩን የሚያውቀው ቤት ሲመልስለት ነው፤ ሌላ ምስክር ይቀበል እንደሆነ ግን ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም። ጠየቀችው፤ እቀበላለሁ አለ። የክትባቱን ፕሮግራም አመጣችለት። ፍየል ባለበት ሁሉ ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ ብለህ ንገረው አለችው፤ የሚሌ መንገድን ብቻ ሳትል፣ ፍየል ያለበትን ሰፈር ሁሉ። ከዚያ የያዘችውን በሙሉ ለቀቀች፤ አንድ በአንድ እያየች።

"ይሠራ ይሆን?" አሉ አባቷ።

"እስኪ እንጠብቅ።"

ጠበቁ። ፀሐዩ ከወንዙ ላይ ወደ ተራራው ሸሸ፤ መኪናው መብራቱን አበራ። ቤቱ ሁለት ጊዜ ደውሎ መረቁ እንደሚቀዘቅዝ አስታወሳቸው። አቶ ሙሄ አየሩን በረጅሙ ይስቡና ይለቁታል፤ ሰው አዲስ ጫማ እንደሚሞክር ሁሉ ትንፋሻቸውን ይሞክሩታል።

የዙልፋ ሰሌዳ ጠራ። የምትደውለው ፍየሏ ነበረች።

"ዙልፋ" አለች መዲና። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ማጉያውን ወደ አንድ ነገር አስጠጋችው፤ በመጀመሪያ የተሰማው በብረት ውስጥ የሚጎተት አየር ነበር፣ ከዚያም የሚንተከተክ ነገር፣ ከዚያ በባልዲ ላይ የሚወርድ ውሃ። ሰዎች ይጯጯኻሉ።

አቶ ሙሄ ጆሯቸውን ወደ ሰሌዳው አስጠጉ። ሰዎቹ ባልዲያቸውን ይዘው ራቅ ሲሉ የሚሰማው ሌላ ድምፅ ነበር። ዙልፋ ምን እንደሆነ አልገባትም።

"ፍየሎቹ ናቸው" አሏት አባቷ። "እየጠጡ ነው።"